ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ እጅ፦ የአንድ ቢሮ የላፕቶፕ ግዢ

ድርጅቱና እኔ

ድርጅቱ የትራንዚት ሥራ ይሠራል፤ የደንበኞችን ዕቃ ከጉምሩክ ያስወጣል። አዲስ አበባ ነው፣ ሠላሳ ገደማ ሠራተኛ አለው። እኔ ቋሚ ሠራተኛው አይደለሁም። በወር ውል የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራቸውን እሠራለሁ። የድርጅቱንም የሻጮቹንም ስም አልጠቅስም። ባለቤቱ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። «ሌላ ሰው እንዳይበላ ጻፈው» ነው ያሉኝ።

ትራንዚተር ዘንድ ኮምፒውተር ሲቆም የሚቆመው ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም። ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑ፣ በኢንተርኔት ነው የሚሞላው። ዶክመንቱ ካልገባ ዕቃው አይወጣም። ሞጆ ደረቅ ወደብ የተቀመጠ ኮንቴይነር ደግሞ የቀን ሒሳቡን ይቆጥራል፤ የደንበኛው ስልክም ይጮኻል።

እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ሁሉም የሚሠሩት በዴስክቶፕ ነበር። ከየዴስክቶፑ ሥር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ያለው ሳጥን) አለ፤ የአብዛኛው ባትሪ ግን ሞቷል። መብራት ጠፋ ሲባል ክፍሉ በሙሉ «ውይ!» ይላል። ግማሽ የተሞላ ዲክላራሲዮን አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱ በዚህ ተማረሩና ዴስክቶፑን በላፕቶፕ ለመተካት ወሰኑ። ይህን ልብ በሉልኝ። ላፕቶፕ የተፈለገው ለባትሪው ነው።

ፕሮፎርማው

ለአዲስ ላፕቶፕ በጀቱ አልበቃም። ስለዚህ ከዱባይ የሚገባ፣ ያገለገለ፣ የቢሮ ደረጃ ላፕቶፕ እንዲሆን ተስማማን። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም። ደህና የተያዘ ያገለገለ ደል ላቲትዩድ ወይም ቲንክፓድ ከብዙ ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ይሻላል ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ስፔሲፊኬሽኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም። «ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 14 ኢንች፣ ብዛት 18።» አለቀ። ስንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር እንደሆነ አልጻፍኩም። ስለ ባትሪው አቅም አንድ ቃል የለም። የመጀመሪያው ጥፋት የኔ ነው።

የግዢ ደንባቸው የብዙ ቢሮ ደንብ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ያሸንፋል። ግዢውን የያዘው ልጅ ፕሮፎርማ ሊሰበስብ ወጥቶ መጀመሪያ አንድ ሱቅ ገባ። ሻጩ ቀልጣፋ ነው። «ሦስት ፕሮፎርማ ነው የፈለግከው? ምን አለፋህ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» አለው። በማግሥቱ ሦስቱም ቢሮ ደረሱ። ሦስት የተለያየ አርማ፣ ሦስት የተለያየ ማኅተም። ከቫት በፊት አንዱ 30,000፣ ሌላው 34,500፣ ሦስተኛው 36,000 ብር ይላል። ዝቅተኛው የራሱ የሻጩ ነው።

ግዢ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ልጁን ግን ሌባ ነው ብዬ አላስብም። ፀሐይ ላይ ከሱቅ ሱቅ ከመዞር ገላገሉት፣ እሱም ተገላገለ።

ከወራት በኋላ ፋይሉን ሳገላብጥ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። «ዋራንቲ» የሚለው ቃል በሦስቱም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ያውም ያችው ፊደል ናት የጎደለችው። ሦስቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው ማለት ነው።

ርክክቡና ክፍያው

18ቱ ላፕቶፖች ጥር ላይ፣ ዓርብ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ መጡ። ንብረት ክፍሉ 18 መሆናቸውን ቆጥሮ ፈረመ። እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ፣ ሰኞ ነው ያየኋቸው። ከፈትኳቸው፣ በሩ። ውጫቸው ንጹሕ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ፕላስቲኩ ሳይቀር አለ። ደስ አለኝ።

ክፍያው በአንዴ ተከፈለ። 540,000 ብር፣ ቫቱ 81,000፣ ጠቅላላ 621,000። በዚያን ጊዜ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) 2 በመቶ ነበር። 10,800 ተቀንሶ የ610,200 ብር ቼክ ተጻፈ። ፕሮፎርማው ላይ «የ6 ወር ዋስትና» የሚል አለ። በምን ላይ እንደሆነ ግን አይልም።

ችግሩ

የካቲት አጋማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ይኸው ፈተናው ደረሰ ብለን ተያየን። በ20 ደቂቃ ውስጥ አራት ላፕቶፕ ጠፋ። በ40 ደቂቃ ውስጥ የቀሩት ሰባት ነበሩ። «ውይ!» ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ያየኋቸው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። አንደኛው ቁጥር ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅም ያሳያል። ሁለተኛው ዛሬ ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን ነው። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ላይ 68,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 26,000 ሆኗል። በ11ዱ ላይ አቅሙ ከግማሽ በታች ወርዷል። የኤስኤስዲውንም (የመረጃ ማከማቻውን) ዕድሜ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም አየሁ። አንዱ 21,000 ሰዓት በርቷል። ያለ እረፍት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከምናምን ማለት ነው።

ሌላም ተገኘ። ስድስቱ 7ኛ ትውልድ ናቸው፣ የቀሩት 8ኛ። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ላቲትዩድ 5480ን ከ5490 በዓይን ለመለየት እኔም እቸገራለሁ። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ዊንዶውስ 11 ኢንቴልን በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ሻጩ ግን አልዋሸም። እኔ «ኮር አይ 5» አልኩ፣ እሱም ኮር አይ 5 አመጣ።

የሁለቱ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) በፓስወርድ ተቆልፏል፤ ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም። የአንዱ ደግሞ ይለያል። ዊንዶውሱን አጥፍቼ ከአዲስ ጫንኩትና ዋይፋይ አገናኘሁት። ስክሪኑ ላይ የአንድ የአውሮፓ መድን ድርጅት አርማ ብቅ አለና «እንኳን ደህና መጣህ፣ በመሥሪያ ቤትህ ኢሜይል ግባ» አለኝ። ላፕቶፑ አሁንም በዚያ ድርጅት ስም ተመዝግቧል። የቀድሞው ባለቤት ሲሸጠው አልሰረዘውም፣ ወይም አልሸጠውም። የትኛው እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም።

ሚያዝያ ላይ የሁለቱ ባትሪ አበጠ። ታችፓዱ ወደ ላይ ተገፍቶ መጫን አቃተው። በአንዱ የምትሠራው ልጅ «ማውስ ስለምጠቀም ግድ የለም» ብላ ሁለት ሳምንት ሠርታበታለች። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ሲታይ ማጥፋት፣ ከቻርጀር መንቀልና ከቢሮ ማስወጣት ነው።

ደረሰኙ

ዋስትናው ገና ነበርና ወደ ሱቁ ሄድን። ሻጩ ሻይ አዘዘልን። «ችግር የለም ወንድሜ፣ ደረሰኙን ብቻ አምጡ» አለ። አመጣን። አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ እኮ የኛ አይደለም።»

እውነቱን ነው። ፕሮፎርማው በአንድ ድርጅት ስም ነው፣ ደረሰኙ በሌላ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም ይለያያል። የሒሳብ ሹሟ ቀድማ አይታው ነበር። የወሩን ቫት ስታሳውቅ ስሙ ግራ ቢገባት ለግዢ ልጁ ነገረችው። እሱ ሻጩን ጠየቀ። ሻጩ «እህት ኩባንያችን ነው» አለ። ነገሩ በዚያው ቀረ። በንግድ ሚኒስቴሩ ኢትሬድ ገጽ ላይ ቁጥሩን ሳስገባ «እህት ኩባንያው» ፈቃድ ያወጣው ለጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ነው። ይህን ለማየት የፈጀብኝ ሦስት ደቂቃ ነው። ቼኩ ከመጻፉ በፊት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ስለዚህ ዋስትናውን የጻፈው አልሸጠልንም፣ የሸጠልን ዋስትና አልጻፈም። የላፕቶፖቹ መለያ ቁጥር የትም ወረቀት ላይ ስላልሠፈረ፣ ዕቃው ከነሱ መምጣቱን እንኳን ማሳየት አልቻልንም። ሱቁ የለጠፈው ትንሿ የዋስትና ስቲከር ነበረች። ግማሾቹ ላይ በእጅ ሙቀት ተልጣ ወድቃለች።

ባለቤቱ ራሳቸው ሄደው ተቆጡ። ተለመኑም። በመጨረሻ ሁለት ላፕቶፕ ተቀየረልን፣ አራት ባትሪ ተሰጠን። ከአራቱ ባትሪ አንዱ በሁለት ወር ሞተ። ክስ እናስብ ነበር። ጠበቃው ወረቀቶቹን አይቶ «ማንን?» ሲል ተውነው።

እስከ ሰኔ ድረስ ከኪስ የወጣው ይህ ነው። 9 ባትሪ በ4,200፣ 4 ቻርጀር በ1,800፣ የ3 ላፕቶፕ ቻርጅ መሰኪያ ጥገና በ3,500፤ ድምሩ 55,500 ብር። ጨርሶ መሥራት ያቆሙት የሁለት ላፕቶፕ ዋጋ ሲጨመር 115,500። ለ18 ሲካፈል አንዱ ላፕቶፕ 30,000 ሳይሆን 36,400 ገደማ ሆነ። በኋላ ከሌሎች ሱቆች እንዳጣራሁት፣ ጥር ላይ ተፈትሾ የሚሸጥ 8ኛ ትውልድ በ36,000 ይገኝ ነበር። የጠፋው የሥራ ሰዓት እዚህ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ዙር

ሰኔ ላይ 14 ላፕቶፕ እንደገና አስፈለገ፤ ሌላ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው። ባለቤቱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አሁንስ ቀስ በሉ» አሉ። ቀስ አልን።

መጀመሪያ ስፔሲፊኬሽኑን እንደገና ጻፍኩ። 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ። የባትሪ ቀሪ አቅም ቢያንስ 75 በመቶ፣ በሪፖርቱ መሠረት። ባዮስ ያልተቆለፈ። ዊንዶውስ ከአዲስ ተጭኖ ኢንተርኔት ላይ ሲገናኝ የማንንም ድርጅት መግቢያ የማያሳይ። የባትሪውን መስመር ሲያዩ ከስምንት ሱቅ አራቱ ወዲያው ተዉት። ጥሩ፣ ሥራ ቀነሱልን።

የቀሩትን አራት በኢትሬድ አየናቸው። የአንዱ ፈቃድ አልታደሰም። ሦስት ቀሩ። ከዚህ በኋላ ያደረግነው ነገር ለኔ ከሁሉም የጠቀመው ነው። አሸናፊ አልመረጥንም፤ ከሦስቱም ሁለት ሁለት ላፕቶፕ ገዛን። ዋጋቸው ከ40,000 እስከ 43,000 ብር ነበር። ዓላማው ዕቃውን ለመሞከር ብቻ አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሁለት ሳምንት ከተሠራበት አንድ ነገር ማሳየቱ አይቀርም። ሻጩ ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈለግን።

አሳየም። ከአንደኛው ሱቅ የመጣው ላፕቶፕ ዩኤስቢ መሰኪያው አልሠራም። ስንደውል «ነገ»። ነገ ስንደውል «ቴክኒሻኑ ክፍለ ሀገር ሄዷል»። በዘጠነኛው ቀን ተጠግኖ መጣ። ሁለተኛው ሱቅ ላፕቶፖቹ ደህና ነበሩ። ለአዲሱ ቅርንጫፍ ሁለት ካርቶን የኔትወርክ ገመድም (ካት 6 ኬብል) ከነሱ አዘዝን። ካርቶኑ 305 ሜትር ይላል፣ ሳነሳው ግን ቀለለኝ። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅኩ። ላይዋ ቀይ ነው፣ ውስጧ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው ገመድ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በዚያው ገመድ መብራት የሚወስድ ካሜራ ከተሰካበት ደግሞ ይሞቃል። ባለሱቁን ስጠይቀው «ሁሉም የሚሸጠው እኮ ይሄን ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ግን «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ ተጽፏል።

የሦስተኛዋ ሱቅ ባለቤት ሴት ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፣ ዋጋዋም ዝቅተኛው አይደለም፤ 41,000። ዋስትና ስጠይቃት እንዲህ አለች፦ «ባትሪና ቻርጀር ላይ አልሰጥም። ማዘርቦርድ ላይ ሦስት ወር እሰጣለሁ። ያገለገለ ዕቃ ላይ ዓመት የሚልህ ካለ ዋሽቶሃል።» ከሷ ከገዛናቸው የአንዱ ኪቦርድ ላይ ሁለት ፊደል አልጽፍ አለ። ጠዋት ደወልን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የተበላሸውን ስትወስድ መለያ ቁጥሩን በደብተሯ ሰርዛ የአዲሱን ጻፈች። እኔ ያኔ ወሰንኩ።

የቀሩትን 8 ከሷ ለመግዛት ተስማማን። ደረሰኙ በፕሮፎርማው ስምና ቁጥር ይሆናል። የ8ቱ መለያ ቁጥር ዝርዝር በማኅተም ይያያዛል። እኔ ሱቋ ድረስ ሄጄ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ፤ አንዱ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።

ሐምሌ 22

ፕሮፎርማውን የሰጠችን ሐሙስ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ነው። ለአምስት ቀን ይጸናል ይላል። ባለቤቱ ከከተማ ውጭ ነበሩና ቼኩ ሳይፈረም ሰኞ ደረሰ። ሰኞ ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አወጀ። ዶላር ባንክ ቤት ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ወጣ።

ሱቆች መሸጥ አቆሙ። የምታውቁት ነው፣ «ዕቃ የለም» የሚለው ነገር። ዘጠኝ ቀን ያስጠበቀን ሱቅ ሌላ ደንበኛዬ ያዘዘውን ፕሮፎርማ በዚያው ቀን ሰረዘበት። እሷ ከሰዓት በኋላ ደወለች፣ ለኔ ሳይሆን ለባለቤቱ። «ጋሼ፣ አምስቱ እጄ ላይ ናቸው፣ በተባባልነው ዋጋ ይውሰዱ። ሦስቱ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ እነሱን በዚህ ዋጋ ብሰጥዎ እከስራለሁ።» አምስቱን በማግሥቱ ፈትሸን ወሰድን። ሦስቱን ከሦስት ሳምንት በኋላ በ49,500 ገዛን። ሒሳብ ሹሟ ቅር ብሏታል፤ ፕሮፎርማው ገና አላለፈበትም ነበርና በሁሉም ላይ መያዝ ነበረብን ትላለች። በወረቀት ልክ ናት። እኔ ግን ያን ቀን ስልክ አንስቶ እውነቱን የነገረን ሻጭ እሷ ብቻ እንደነበረች አልረሳም።

ያልሠራው

የሞከርነው ሁሉ አልያዘም። ከተረከብን ከ30 ቀን በኋላ እንክፈል ብለን ጠየቅን። ደህና ሻጭ አንድም አልተቀበለም፤ የተቀበለው ፈቃዱ ያልታደሰው ብቻ ነው። ዱባይ ያለ የባለቤቱ ዘመድ ሁለት ላፕቶፕ በሻንጣ ይዞ መጣ። ዕቃው ግሩም ነው። ደረሰኝ ግን የለውም፤ ሒሳብ ሹሟ በወጪ ልትመዘግበው አልቻለችም፣ ሲበላሽም የሚመለስበት የለም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንሳለን» ያሉንም ነበሩ። ቫቱን ስናሰላው የሚቀንሱት እኛ ከምናጣው ያንሳል።

የባትሪውን ነገርም ሙሉ በሙሉ አልፈታነውም። ሲገዛ 80 በመቶ የነበረ ባትሪ በዓመቱ 60 ሲሆን አይቻለሁ። አሁን ላፕቶፕ ሲገዛ ከበጀቱ ላይ የአንድ ባትሪ ዋጋ አብሮ ይያዛል።

ሌላ ቢሮ ቢወስደው

ይህን ጉዳይ ካየሁ ወዲህ ሌሎች ደንበኞቼ ጋ የማደርገው ጥቂት ነው። ፕሮፎርማውን የሚሰበስበውና ዕቃውን የሚፈትሸው የተለያየ ሰው ይሁን እላለሁ። ሻጭ ያመጣው የተፎካካሪ ፕሮፎርማ አይቆጠርም። ትንንሽ ቢሮ ሁለት ሰው ላይኖረው ይችላል፤ ቢያንስ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ አያቅትም። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከፕሮፎርማው ከተለየ ቼኩ አይወጣም፣ «እህት ኩባንያ» ቢባልም። ርክክብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይደረግም። ይኼኛው ለቀልድ ይመስላል፣ አይደለም፤ ሰው ለመሄድ ሲቸኩል ብዛት ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ አድርግ ብባል ግን ትንሹን ግዢ አስቀድማለሁ። ለ14 ላፕቶፕ ስድስቱን በሙከራ መግዛት ሁለት ሳምንት ወሰደብን፣ በዋጋም ጥቂት ሺህ ብር ጨመረብን። በወረቀት ላይ ሦስቱም ሱቆች አንድ ነበሩ። ልዩነታቸውን ያየነው አንድ መሰኪያ፣ አንድ ገመድና ሁለት የኪቦርድ ፊደል ሲበላሹ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት 7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች እስካሁን አሉ። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሲያበቃ ከዲክላራሲዮን ሥራ አወጣኋቸው። አራቱ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጭኜ ለመዝገብ ቤትና ለእንግዳ መቀበያ ሰጠኋቸው። ባትሪያቸው ስለሞተ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ናቸው። ከሥራቸው ያው አሮጌው ዩፒኤስ አለ፣ ባትሪው ተቀይሮለት።